ትላንት ምን አደረግክ? ያለፈ ጊዜን በቱርክኛ መናገር፣ ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ለትምህርት ወደ አንካራ ሊሄድ ቪዛውን የሚጠብቅ ተማሪ፣ ኢስታንቡል ላሌሊ ሄዶ ልብስ የሚያወጣ ነጋዴ፣ ቱርካዊ አለቃ ያለው የፋብሪካ ሠራተኛ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ። «ሰላምታውን ቻልኩት፣ ቁጥሩንም ይዣለሁ። ትላንት ያደረግኩትን ልናገር ስል ግን ምላሴ ይተሳሰራል።» እስካሁን ለእያንዳንዱ ድምፅ እየቀዳሁ እልክ ነበር። ሰለቸኝ። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ደግሞ ከዚህ መጀመር ያዋጣል። በቱርክኛ የአሁን ጊዜ አንዳንድ ግሦች መልካቸውን ይቀይራሉ። በዚህ ያለፈ ጊዜ ግን አፈንጋጭ የሚባል ግሥ የለም። ደንቡን አንዴ ከያዛችሁ ለሁሉም ግሥ ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ። አንዱ ለግሡ ሥር፣ አንዱ ለጊዜው ምልክት፣ አንዱ ለአድራጊው። የቱርክኛ ግሥ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጠለ ስለሆነ መጋጠሚያውን በዓይን ማየት ይረዳል።
- ስልካችሁ ላይ የቱርክኛ ኪቦርድ። ቀልድ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።
- የቱርክ ቋንቋ ተቋም መዝገበ ቃላት። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።
- ትንሽ መስታወት፣ ለከንፈር።

መጀመሪያ ድምፁን እንስማማ

ቱርክኛ ስምንት አናባቢ አለው። ስድስቱ አማርኛ ውስጥ አሉን፤ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ እና እ። የመጨረሻዋ ነጥብ የሌላት ኢ ናት። የሌላ አገር ተማሪ ወር ሙሉ ይታገላታል፤ እኛ ግን ሳድስ ብለን ከልጅነት ጀምሮ እንጠራታለን። «ድንጋይ» ስትሉ ድ ላይ የምትሰማው ራሷ ናት።

የቀሩት ሁለቱ የኛ አይደሉም። ቱርኮች ኦ እና ኡ ላይ ሁለት ነጥብ አድርገው ይጽፏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ኦ፟ እና ኡ፟ ብዬ እጽፋለሁ። (በሰዋስው መጻሕፍት ሁለት ነጥብ የማጥበቂያ ምልክት ነው፤ እዚህ ግን አይደለም።) አወጣጡ ቀላል ነው። መስታወቱን ያዙ። «ኢ» በሉና ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ብቻ ለፉጨት እንደምታሾሉት አሹሉት። የወጣው ኡ፟ ነው። በ«ኤ» ጀምራችሁ እንደዚያው ብታደርጉ ኦ፟ ይወጣል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በምሳሌዎቹ ውስጥ ቃሉን በሰረዝ ስከፋፍለው «አል-ድ» ላይ ያለችው ድ ዝም ያለች አይደለችም። የድንጋይዋ ድ ናት፣ ትሰማለች።

ደረጃ 1፦ ግሡን ከጅራቱ ለዩት

መዝገበ ቃላት ውስጥ የቱርክኛ ግሥ ሁሉ በ«ሜክ» ወይም በ«ማክ» ያልቃል። ይህ «መምጣት» «መውሰድ» ላይ እንዳለው የኛ «መ» ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ጋ ከኋላ መምጣቱ ብቻ ነው። ቆርጣችሁ ጣሉት። የሚቀረው ሥሩ ነው።

- ጌልሜክ (መምጣት) ← ጌል
- አልማክ (መውሰድ፣ መግዛት) ← አል
- ኦኩማክ (ማንበብ) ← ኦኩ
- ጎ፟ርሜክ (ማየት) ← ጎ፟ር
- ያፕማክ (መሥራት፣ ማድረግ) ← ያፕ
- ጊትሜክ (መሄድ) ← ጊት
- ዬሜክ (መብላት) ← ዬ

ለምን አስፈለገ? ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በሥሩ መጨረሻ ላይ ይወሰናል። ጅራቱ ካልተቆረጠ የሥሩ መጨረሻ የት እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞ በ«ሜክ» ያለቀ ሁሉ ግሥ እንዳይመስላችሁ። «ኤክሜክ» መዝራት ማለት ነው፣ ግን ሱቅ ስትገቡ የምትገዙት ዳቦም «ኤክሜክ» ነው።

ደረጃ 2፦ የመጨረሻዋን አናባቢ ፈልጉ

ያለፈ ጊዜ ምልክቱ «ድ» ነው። አናባቢዋን ግን ከሥሩ ትዋሳለች፦

- የሥሩ የመጨረሻ አናባቢ ኣ ወይም እ ከሆነ ← ድ
- ኤ ወይም ኢ ከሆነ ← ዲ
- ኦ ወይም ኡ ከሆነ ← ዱ
- ኦ፟ ወይም ኡ፟ ከሆነ ← ዱ፟

ስለዚህ አል-ድ (ወሰደ)፣ ጌል-ዲ (መጣ)፣ ኦኩ-ዱ (አነበበ)፣ ጎ፟ር-ዱ፟ (አየ)።

ይህን እንደ ሰንጠረዥ አትሸምድዱት። ምክንያቱ አፍ ውስጥ ነው። ከንፈር ከሾለ እንደሾለ ይቀጥላል፤ ምላስ ወደ ፊት ከመጣ እዚያው ይቆያል። «ጎ፟ር» ብላችሁ ከንፈራችሁን ሳትፈቱ ድ ላይ ብትደርሱ በራሱ «ዱ፟» ይሆናል። ጮክ ብላችሁ ሃያ ጊዜ ስትሉት ሰንጠረዡን ትረሱታላችሁ።

የሚታየው የመጨረሻዋ አናባቢ እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለችም። «ኡያንማክ» መንቃት ነው። በኡ ስለጀመረ «ኡያንዱ» የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። የመጨረሻዋ ኣ ስለሆነች ኡያን-ድ ነው።

ደረጃ 3፦ ድ ነው ወይስ ት?

ሥሩ በእነዚህ ስምንት ተነባቢዎች ካለቀ ድ ወደ ት ይቀየራል፦ ፍ፣ ስ፣ ት፣ ክ፣ ች፣ ሽ፣ ህ፣ ፕ። የቱርክ ተማሪዎች በአንድ ሐረግ ነው የሚይዟቸው፤ «ፍስትክች ሻሃፕ»፣ ማለትም ለውዝ ሻጩ ሻሃፕ። ስምንቱም ተነባቢዎች እዚያ ውስጥ አሉ። ይህን ስም አንዴ ያዙት፤ ቱርክኛ እስከተናገራችሁ ድረስ አብሯችሁ ይኖራል።

- ያፕ ← ያፕ-ት (ሠራ)
- ኢች ← ኢች-ቲ (ጠጣ)
- ዱ፟ሽ ← ዱ፟ሽ-ቱ፟ (ወደቀ)
- ጊት ← ጊት-ቲ (ሄደ)

ምክንያቱን ለመረዳት ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ዝዝዝ» በሉ፣ ቀጥላችሁ «ስስስ»። በመጀመሪያው ጉሮሮ ይንዘረዘራል፣ በሁለተኛው ዝም ይላል። የሻሃፕ ስምንቱ ሁሉ ዝም የሚሉ ናቸው። ከዝምተኛ ቀጥሎ የሚንዘረዘር ድ ማምጣት ስለሚከብድ ዝምተኛው ት ይመጣል።

«ጊትቲ» ላይ ት ጠብቆ ይነገራል። ይህ ለኛ ችግር አይደለም፤ «አለ» ብለን ተናገረ እና «አለ» ብለን ይገኛል የምንለየው በማጥበቅ ነው። ሰው ቱርክኛ ሲጽፍ ግን አንዱን ት ይረሳዋል። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ የሥሩ ነው፣ ሌላው የጊዜው።

ሥሩ በአናባቢ ካለቀ ሁልጊዜ ድ ነው፦ ዬ-ዲ (በላ)፣ ቤክሌ-ዲ (ጠበቀ)።

ደረጃ 4፦ ማን እንዳደረገው ጨምሩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አማርኛ ተናጋሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይሄ ነው።

- እኔ ← ም፦ ጌልዲ-ም
- አንተ፣ አንቺ ← ን፦ ጌልዲ-ን
- እሱ፣ እሷ ← ምንም የለም፦ ጌልዲ
- እኛ ← ክ፦ ጌልዲ-ክ
- እናንተ፣ እርስዎ ← ኒዝ፦ ጌልዲ-ኒዝ
- እነሱ ← ሌር ወይም ላር፦ ጌልዲ-ሌር፣ አልድ-ላር

አሁን አማርኛውን ጎን ለጎን አስቀምጡት። «ሄድክ» ስንል ክ የአንተ ናት። «ሄድን» ስንል ን የእኛ ናት። በቱርክኛ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። «ጌልዲክ» መጣህ አይደለም፣ መጣን ነው። «ጌልዲን» መጣን አይደለም፣ መጣህ ነው።

እኔ አንካራ በገባሁ በሁለተኛው ወር ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ እስክሪብቶዬን አንስቶ ኪሱ ከተተ። «እስክሪብቶውን ወሰድክ» ልለው ፈልጌ «ካሌሚ አልድክ» አልኩት። ልጁ ግራ ቀኙን አየና «ቢዝ ሚ?» አለኝ፤ «እኛ?» ማለቱ ነው። ለካ «ወሰድን» ብዬ ራሴን ከሌባው ጋር ደምሬያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ተሳስቼ አላውቅም፣ እስክሪብቶው ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው ወጥመድ «ም» ናት። በአማርኛ «አል» ብሎ ጀምሮ በ«ም» የሚያልቅ ግሥ አሉታ ነው፤ አልመጣም፣ አልበላም። በቱርክኛ «አልድም» ስትሰሙ ጆሯችሁ «አላደረግኩም» የተባለ ይመስለዋል። አይደለም። «አል» መውሰድ ነው፣ «ም» እኔ ነው፤ ወሰድኩ። መጨረሻ ላይ ም ስትሰሙ «እኔ» በሉ።

ቀላሉን ነገር ልንገራችሁ። ቱርክኛ ፆታ የለውም። መጣ፣ መጣች፣ ሁለቱም «ጌልዲ» ነው። መጣህና መጣሽም «ጌልዲን» ነው። አክብሮት ደግሞ በ«ኒዝ» ይገለጻል። የማታውቁትን ሰው፣ ትልቅ ሰውን፣ ቢሮ ውስጥ ያለን ሰው «ጌልዲኒዝ» በሉት፤ «መጡ» እንደማለት ነው። አያታችሁ ራቅ ብለው ስለ እሳቸው ስታወሩ ግን ተራው «ጌልዲ» ይበቃል፦ «ዴዴም ጌልዲ»፣ አያቴ መጡ።

«ኒዝ» አናባቢዋን እንደ ደረጃ 2 ትቀይራለች፦ አልድ-ንዝ፣ ኦኩዱ-ኑዝ፣ ጎ፟ርዱ፟-ኑ፟ዝ። ሌር እና ላር ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ኣ፣ እ፣ ኦ፣ ኡ ካሉ ላር፤ የቀሩት ሌር።

እንደ አማርኛው ሁሉ «እኔ» «አንተ» ማለት ግዴታ አይደለም፤ ግሡ ይናገራል። «ቤን ጌልዲም» ብትሉ «እኔ ነኝ የመጣሁት» ዓይነት ጫና አለው።

ደረጃ 5፦ ዓረፍተ ነገሩን አቁሙ

ደስ የሚለው ክፍል። የቃላት አሰላለፉ የኛው ነው፣ ግሥ መጨረሻ።

«ዱ፟ን አርካዳሽምላ ፊልም ኢዝሌዲም።»
ትላንት ከጓደኛዬ ጋር ፊልም አየሁ።

ቃል በቃል ቁጠሩት፣ አይዛነፍም። ተሳቢውም እንደኛ ነው። ፊልም ብቻ ካላችሁ ማንኛውም ፊልም ነው። የታወቀ ከሆነ ልክ እንደ «ፊልሙን» መጨረሻው ላይ ይጨመርበታል፦ «ፊልሚ ኢዝሌዲም»፣ ፊልሙን አየሁት። የሰው ስም ሁልጊዜ ይወስደዋል፤ እኛም «አሊ አየሁ» ሳይሆን «አሊን አየሁ» ነው የምንለው፣ እነሱም «አሊዪ ጎ፟ርዱ፟ም» ይላሉ።

የምንለያየው ቦታ ላይ ነው። እኛ «አንካራ ሄድኩ» «ገበያ ሄድኩ» እንላለን፣ «ወደ» ሳይነሳ። በቱርክኛ ይህ አይቻልም። ወደየት እንደሆነ ቃሉ ላይ መለጠፍ አለበት፦

- አንካራ-ያ ጊትቲም (አንካራ ሄድኩ)
- ፓዛር-ኣ ጊትቲም፣ ሲነገር «ፓዛራ» (ገበያ ሄድኩ)
- ኤቭ-ዴ ካልድም (ቤት ቀረሁ)
- ኤቭ-ዴን ችክትም (ከቤት ወጣሁ)

«ኤ» ወይም «ኣ» ወደ ነው። «ዴ» ወይም «ዳ» በ፣ እዚያ ውስጥ ነው። «ዴን» ወይም «ዳን» ከ ነው። አናባቢያቸው የሥሩን ይከተላል፣ እንደ ሌርና ላር። ከሻሃፕ ተነባቢዎች በኋላ ደግሞ ዴ ወደ ቴ፣ ዴን ወደ ቴን ይቀየራል።

አንዳንድ ግሦች ደግሞ እኛ ባላሰብነው ቅጥያ ይሄዳሉ። ከግሡ ጋር አብራችሁ ያዟቸው፦

- ኦቶቡ፟ስ-ኤ ቢንዲም፦ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። «ወደ»ን ይፈልጋል።
- ኮ፟ፔክ-ቴን ኮርክቱም፦ ውሻ ፈራሁ። «ከ»ን ይፈልጋል።
- አሊ-ዬ ሶርዱም፦ አሊን ጠየቅኩት። ይህኛው አደገኛ ነው። በአማርኛው ተስባችሁ «አሊ-ዪ ሶርዱም» ካላችሁ «ስለ አሊ ጠየቅኩ» ማለት ነው። አሊ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ይህን ብትሉት ይገርመዋል።

ደረጃ 6፦ «አላደረግኩም» ለማለት

ሥሩና «ዲ» መካከል «ሜ» ወይም «ማ» አስገቡ።

- ጌል-ሜ-ዲ-ም (አልመጣሁም)
- ያፕ-ማ-ድ-ም (አልሠራሁም)
- ኦኩ-ማ-ድ-ም (አላነበብኩም)
- ጎ፟ር-ሜ-ዲ-ም (አላየሁም)

አሉታው ከአዎንታው ይቀላል። ሜ እና ማ አናባቢ ስላላቸው ሻሃፕ ሥራ የለውም፤ ት አትመጣም። ክብ ከንፈርም የለም። ስምንት ዓይነት የነበረው ወደ ሁለት ይወርዳል፤ «ሜዲ» እና «ማድ» ብቻ። ግራ የተጋባ ጀማሪ መጀመሪያ አሉታውን እንዲለማመድ እመክራለሁ።

ጫናውን ከ«ሜ» በፊት ያለው ላይ አድርጉ፤ ጌልሜዲም። «ሜ» ፈጥና ስለምታልፍ ሰሚው አሉታ መሆኑን የሚይዘው በዚያ ጫና ነው።

ደረጃ 7፦ ለመጠየቅ

«መጣህ ወይ?» ስንል «ወይ»ን የት ነው የምናስቀምጣት? ከግሡ በኋላ፣ ለብቻዋ። ቱርክኛም እንደዚያው «ሚ» አለው። ቀጥላ የምትጻፈው ግን ተለይታ ነው፣ አትጣበቅም።

- ጌልዲን ሚ? (መጣህ? መጣሽ?)
- አልድን ም? (ወሰድክ? ም እዚህ «ምን» ላይ እንዳለችው ትነበባለች)
- ኦኩዱን ሙ? (አነበብክ?)
- ጎ፟ርዱ፟ን ሙ፟? (አየህ?)

አናባቢዋን የምትወስደው ከፊቷ ካለው የመጨረሻ ድምፅ ነው። ስለዚህ «ኦኩዱን ሙ?» ብላችሁ «አነበቡ?» ላይ ስትደርሱ «ኦኩዱላር ም?» ይሆናል፤ ላር ስለገባ።

«ምን» «የት» «መቼ» ያለበት ጥያቄ «ሚ» አይወስድም። «የት ሄድክ ወይ?» አንልም እኮ። «ኔ ያፕትን?» ምን አደረግክ? «ኔሬዬ ጊትቲን?» የት ሄድክ? ያለ «ሚ» ይበቃል።

መልሱም እንደኛ ነው። «ጌልዲን ሚ?» ስትባሉ «ጌልዲም» ብቻ በሉ።

ደረጃ 8፦ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ገባኝ

ይህን ክፍል ብዙ መማሪያ ይዘለዋል፣ ለኛ ግን ስጦታ ነው። አሁን እየራበን «ራበኝ» እንላለን፤ ግሡ ያለፈ ነው፣ ረሃቡ ግን አሁን ነው። ቱርኮችም ልክ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

- አጅክትም፦ ራበኝ
- ሱሳድም፦ ጠማኝ
- ዮሩልዱም፦ ደከመኝ
- ኡ፟ሹ፟ዱ፟ም፦ በረደኝ
- አንላድም፦ ገባኝ
- ስክልድም፦ ሰለቸኝ

በር ተንኳኩቶ ወጥ እያማሰላችሁ «መጣሁ! መጣሁ!» አትሉም? እነሱም ገና ሳይነሱ «ጌልዲም! ጌልዲም!» ይላሉ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በአማርኛ ረሃቡ ነው የመጣብን፤ «ራበኝ» ላይ «ኝ» ተቀባይ ናት። በቱርክኛ አድራጊው ራሳችሁ ናችሁ፣ ስለዚህ «ም»። ይህ የሚያጠቃው «ናፈቅሽኝ» ላይ ነው። በአማርኛ አድራጊዋ አንቺ ነሽ። በቱርክኛ አድራጊው እኔ ነኝ፦ «ሴኒ ኦ፟ዝሌዲም»። አማርኛውን ተከትላችሁ «ቤኒ ኦ፟ዝሌዲን» ካላችሁ «ናፈቅኩሽ» ማለታችሁ ነው። ፍቅረኛችሁ ጋ እንዲህ ብትጽፉ ጉረኛ ትባላላችሁ።

ደረጃ 9፦ «ነበር»

ግሥ ለሌለው ዓረፍተ ነገር ያው «ድ» ስሙ ላይ ይለጠፋል። ቃሉ በአናባቢ ካለቀ መሐል «ይ» ትገባለች፤ ሁለት ቃል ሳይጋጭ እንዲያያዝ።

- ሃስታ-ይድ-ም፦ ታምሜ ነበር
- ኤቭዴ-ይዲ-ም፦ ቤት ነበርኩ
- ዮርጉን-ዱ-ም፦ ደክሞኝ ነበር
- ፓራም ቫር-ድ፦ ገንዘብ ነበረኝ
- ፓራም ዮክ-ቱ፦ ገንዘብ አልነበረኝም

አሉታው በ«ዴዪል» ነው፦ «ሃስታ ዴዪልዲም»፣ አልታመምኩም ነበር። እዚህ «ሜ» አይሠራም፤ «ሜ» የግሥ ብቻ ናት።

ማስጠንቀቂያ

*ያላያችሁትን በ«ዲ» አታውሩ።* «ዲ» ያያችሁት ወይም እርግጠኛ የሆናችሁበት ነገር ነው። የቱርክ ሪፐብሊክ በ1923 ተመሠረተ ሲባል «ኩሩልዱ» ይባላል፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውምና። ወሬ ከሆነ ግን «ሚሽ» የሚባል ሌላ ቅጥያ አለ። «አይሼ ኤቭሌንዲ» ካላችሁ አይሼ አገባች፣ አውቃለሁ። «አይሼ ኤቭሌንሚሽ» ካላችሁ አገባች አሉ። ጠዋት ተነስታችሁ መሬቱ ረጥቦ ብታዩ በአማርኛ «ዘንቧል» እንጂ «ዘነበ» አትሉም፤ ቱርኮችም እዚያ ላይ «ሚሽ»ን ያመጣሉ። ለአሁኑ ስትሰሙት ማወቅ ይበቃችኋል።

*ኪቦርዱን ጫኑ።* «ስክልድም» ላይ ያሉት ሦስቱም አናባቢዎች ነጥብ የሌላቸው ናቸው። በሌላ ኪቦርድ ነጥብ ያላት ኢ ከገባች «ሰለቸኝ» ያላችሁት ወደ ከባድ ብልግና ይቀየራል። መልእክቱ ለአለቃችሁ ከሆነ ደግሞ አስቡት።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

«ሁለት ጓደኞች መጡ» ለማለት «ኢኪ» ካሉ በኋላ «ሌር» መጨመር። ቁጥር ካለ ስሙም ግሡም ነጠላ ይሆናል፦ «ኢኪ አርካዳሽ ጌልዲ»፣ ሁለት ጓደኛ መጣ።

«ሚ»ን ከግሡ ጋር ማጣበቅ። ሲነገር ስለማይለይ ነው፤ ሲጻፍ ይለያል።

«መጥቼ ነበር» ለማለት «ጌልዲም» ላይ ሌላ «ድ» መጨመር። ያ ሌላ ቅርጽ ነው፣ «ጌልሚሽቲም» ይባላል። እስክትደርሱበት «ጌልዲም» ብቻ በሉ፤ ይገባቸዋል።

«እሷ» የሚለውን ፍለጋ መቸገር። የለም፣ አትፈልጉ።

ዛሬ ማታ

በሦስቱ ቀለም እነዚህን ጻፉ። መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑት።

1. ትላንት ገበያ ሄድኩ። (ዱ፟ን ፓዛራ ጊትቲም።)
2. ዳቦ ገዛሽ? (ኤክሜክ አልድን ም?)
3. አውቶቡሱን ጠበቅን። (ኦቶቡ፟ሱ፟ ቤክሌዲክ።)
4. ታላቅ እህቴ አልመጣችም። (አብላም ጌልሜዲ።)
5. ሻይ ጠጣን። (ቻይ ኢችቲክ።)
6. ራበኝ፣ ግን አልደከመኝም። (አጅክትም አማ ዮሩልማድም።)

ሦስተኛውና አምስተኛው ላይ እጃችሁ «ን» ሊጽፍ ከሄደ ደረጃ 4ን እንደገና አንብቡ።